ክፍት አኳሪየም ምን ዓይነት ክዳን ይስማማዋል?

ክዳን የሌለው አኳሪየም ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መስታወት ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ውስጡ የሚኖረው ማን ነው? ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ክፍተትስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? እነዚህ ከተመለሱ የቁሱ ምርጫ ይቀላል። ካልተመለሱ ግን ጥሩ መስታወት ተቆርጦ ተገጥሞም ዓሣው ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ሊገኝ ይችላል።

ዓሣ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በክዳኑ መሐል አይደለም። ሌሊት የደነገጠ ዓሣ ግድግዳውን ታክኮ ይዋኛል፤ ግድግዳው ወደ ጥግ ይመራዋል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ የፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) ቱቦና የማሞቂያው ገመድ የሚገቡበት ቦታ ክፍት ተትቷል። ሰፊው የክዳኑ ክፍል ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በዚያች ሰዓት አያገለግልም። ስለዚህ ስለ ክዳን ሲታሰብ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ክዳኑ በማይሸፍነው ቦታ ላይ ነው።

ማን ይዘላል፣ ማንስ ይወጣል

መዝለል ለብዙ ዓሣ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ሃቸትፊሽ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ትንሽ ዓሣ ደረቱ ላይ ባለው ጠንካራ ጡንቻ ተስፈንጥሮ ከአሳዳጁ ያመልጣል። ከኪሊፊሽ ወገን አንዳንዶቹ ያሉበት ኩሬ ሲጠብ በእርጥብ መሬት ላይ እየዘለሉ ወደ ሌላ ውኃ ይሻገራሉ። አሮዋና ከውኃ በላይ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ነፍሳት ዘሎ ይለቅማል። ዳንዮ፣ ቤታ፣ ጉራሚና ሬይንቦፊሽም በዘላይነት ይታወቃሉ። ከባሕር ዓሦች ሬስ፣ ፋየርፊሽና ብዙዎቹ ጎቢዎች ያለ ክዳን የሚቀመጡ አይደሉም።

በቤት ውስጥ ገንዳ ደግሞ ከተፈጥሮ ጠባያቸው በላይ የሚያስዘልላቸው ነገር ይጨመራል። አዲስ ገብቶ ቦታውን ያልለመደ ዓሣ ይዘላል። ጉልበተኛ ጎረቤት የሚያሳድደው ዓሣ ይዘላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ሲበራ የሚደነግጥ ዓሣም ይዘላል። ውኃው ውስጥ አሞኒያ፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨው መርዝ፣ ሲከማች ወይም ኦክስጅን ሲያንስም እንዲሁ። እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ነገር አለ፦ ለወራት ተረጋግቶ የኖረ ዓሣ በድንገት መዝለል ከጀመረ ክዳን ከማዘዝ በፊት ውኃውን መመርመር ይቀድማል። ክዳን እንዳይወጣ ያግደዋል እንጂ ከሚሸሸው ነገር አያድነውም።

«የእኔ ዓይነት አይዘልም» የሚለው አባባል ብዙ ዓሣ ያስከፈለ ነው። ኒዮን ቴትራ እንደ ሃቸትፊሽ አይዘልም፤ ኮሪዶራስም ኑሮው ታች አሸዋው ላይ ነው። ነገር ግን ኮሪዶራስ አየር ለመጎንጨት በየጊዜው ወደ ላይ ተወርውሮ ይመለሳል፤ ኒዮንም ሲሳደድ ይስፈነጠራል። ልዩነቱ የመዝለል ዕድሉ ማነሱ ነው እንጂ ዕድሉ አለመኖሩ አይደለም።

ሳይዘሉ የሚወጡም አሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እነዚህን ነው። ክሬይፊሽ የሚባለው ባለ መቆንጠጫ የውኃ እንስሳ የፊልተሩን ቱቦ ወይም የማሞቂያውን ገመድ እንደ መሰላል ይዞ ይወጣል። ቀንድ አውጣ መስታወቱን ወጥቶ ጠርዙን ይሻገራል። እንደ እባብ የረዘመው ሮፕፊሽ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ መውጣት አያስፈራውም፤ በአፍንጫው እየገፋ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ ቀላል ክዳን ከሆነም ያነሣዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጥረት ክዳኑ ክብደት ወይም መቆለፊያ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ጭንቅላቱን ፈጽሞ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ጭንቅላቱ ካለፈ ቀሪው አካሉ ይከተላል። ኩሊ ሎችና ሌሎቹ እንደ ክር የቀጠኑ ዓሦችም የሚመዘኑት በዚሁ ነው።

የሚተነው ውኃ ምን ይዞ ይሄዳል

ክዳን ከዓሣ መውጣት ሌላ የሚቆጣጠረው ትልቁ ነገር ትነት ነው። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ገንዳ ውኃው 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 1.8 ሊትር ሄዷል ማለት ነው። ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወርድ የሚወስኑት የክፍሉ አየር ድርቀት፣ የውኃው ሙቀትና በላዩ የሚያልፈው ንፋስ ናቸው። አየሩ ደረቅ በሆነበትና መስኮት በሚከፈትበት ክፍል ልዩነቱ በየቀኑ በዓይን ይታያል።

ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአኳሪየም ሙቀት ላይ ያለ 1 ሊትር ውኃ ለመትነን ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳል። ገንዳው በቀን 1 ሊትር ቢያጣ ይህ በአማካይ 28 ዋት የሚሆን ማቀዝቀዣ ቀንና ሌሊት ሲሠራ እንደዋለ ይቆጠራል። ውኃው 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ያንን ሙቀት መልሶ መስጠት ያለበት ማሞቂያው ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ያለ ገንዳ ክዳን ሲያገኝ ማሞቂያው የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ነገር በሙቀት ወቅት ይገለበጣል። ፓምፑ፣ ፊልተሩና መብራቱ ሁሉም ሙቀት ይጨምራሉ፤ የተዘጋ ክዳን ደግሞ ያንን ሙቀት ይይዘዋል። ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፦ በባሕር ወለል ከፍታ ጨው የሌለው ውኃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል፣ በ25 ዲግሪ 8.3፣ በ30 ዲግሪ 7.6 ይይዛል። ስለዚህ ክፍሉ ሲሞቅ ክዳኑን በከፊል መክፈት ወይም በወንፊት መተካት አማራጭ መሆን አለበት። የውኃው ገጽ ላይ የተነጣጠረ ትንሽ ማራገቢያ ሙቀት የሚቀንሰው ትነትን በማፋጠን ነው፤ ድፍን ክዳን ባለበት ግን ማራገቢያው ከንቱ ነው።

ከውኃው ጋር የማይተነው ነገርም አለ። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ጨው የሆነው ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። 60 ሊትር የቧንቧ ውኃ ካለበት ገንዳ 10 ሊትር ተንኖ በዚያው የቧንቧ ውኃ ቢሞላ የማዕድኑ መጠን ከመነሻው 17 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ውኃ ሳይቀየር እየተሞላ ብቻ ከተቀጠለም መጨመሩን አያቆምም። ጉፒ ለሚባለው ዓሣ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ለስላሳ ውኃ ለሚወዱ ዓሦችና ለብዙ ሽሪምፖች ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት ነው። በጨው ውኃ ገንዳ ደግሞ ለውጡ ወዲያው ይታያል፦ በኪሎ ግራም 35 ግራም ጨው ያለው 60 ሊትር ውኃ 3 ሊትር ሲተንበት ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ክፍት ገንዳ መያዝ የሚፈልግ ሰው የተነነውን የሚተካው ማዕድን በሌለው ውኃ ነው፤ በየጊዜው ከፊሉን ቀድቶ መቀየሩ ደግሞ እንደተጠበቀ ነው።

ክዳን ዓሣ ያፍናል?

ይህ ስጋት በተደጋጋሚ ይነሣል። ውኃ ኦክስጅን የሚያገኘውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወጣው በገጹ በኩል ነው፤ ወሳኙም የገጹ መንቀሳቀስ ነው። ቱቦና ገመድ የሚያልፍባቸው ክፍተቶች ለተራ ገንዳ በቂ አየር ያስገባሉ። ስለዚህ ተራ የመስታወት ክዳን ዓሣ አያፍንም። ዓሦች ገጹ ላይ ተሰብስበው አየር ሲጎነጩ ቢታይ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተኛ ውኃ፣ የዓሣ መብዛት ወይም ሙቀት ነው። የፊልተሩን መውጫ ገጹን እንዲያናውጥ ማዞር ክዳኑን ከማንሣት ይበልጥ ይረዳል።

ልብ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ቤታና ጉራሚ በጭንቅላታቸው ውስጥ ባለ ልዩ የአካል ክፍል ከገጹ በላይ ያለውን አየር ይተነፍሳሉ። ለእነሱ ውኃው እስከ ክዳኑ ድረስ አይሞላም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የአየር ቦታ ይተዋል። ክዳኑ ያንን አየር ሞቅ ያለና እርጥብ ስለሚያደርገው ይጠቅማቸዋል፤ የቤታ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ገንዳውን በደንብ የሚከድኑትም ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ የሚረጭ የነፍሳት መግደያ፣ ቀለም ወይም ሽቶም አለ። ክዳን ጠብታው በቀጥታ እንዳይወርድ ይረዳል። ነገር ግን የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃው ውስጥ ስለሚለቅ ክዳኑ ብቻውን አያስጥልም፤ የሚረጭ ነገር ካለ ፓምፑ ይጠፋል፣ ክፍሉም ከተናፈሰ በኋላ ይበራል።

መስታወት

ለአብዛኛው የቤት ገንዳ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ መስታወት ነው። አይጎብጥም፣ በቀላሉ አይጫርም፣ ይጸዳል፣ ትነትን በደንብ ይይዛል። ንጹሕ መስታወት ከላይ ከሚወርደው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። የነጠቀው የሚመስለውን ብርሃን በአብዛኛው የሚነጥቀው በላዩ የሚጋገረው ነጭ የማዕድን ቅርፊትና አልጌ ነው።

ክብደቱን አስቀድሞ ማስላት ቀላል ነው፦ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ፣ 6 ሚሊ ሜትር ደግሞ 15 ኪሎ ይመዝናል። 60 በ30 ለሆነ ገንዳ አንድ ወጥ 4 ሚሊ ክዳን 1.8 ኪሎ ይሆናል። በየቀኑ ዓሣ ለመመገብ አንድ እጅ ብቻ ነጻ ሆኖ ይህን ማንሣት አድካሚ ነው፤ እርጥብ መስታወት ደግሞ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ቢቆረጥ ይሻላል። እያንዳንዱ 0.9 ኪሎ ይሆናል፤ አንዱ ተቀምጦ ሌላው ብቻ ይነሣል ወይም በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። እጀታው የሻጋታ መከላከያ ባልተጨመረበት ሲሊኮን ይለጠፋል።

ስለ ውፍረት ሲታሰብ ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር እኩል እንደማያድግ ማወቅ ይጠቅማል። ሰሌዳ ላለመጉበጥ ያለው ጉልበት በውፍረቱ ኩብ ነው የሚጨምረው፤ 6 ሚሊው ከ3 ሚሊው ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ማንኛውም የመስታወት ክዳን የዕቃ መደርደሪያ አይደለም። ድመት የሚዘልበት ወይም ልጅ የሚደገፍበት ቤት ከሆነ ወፈር ያለ መስታወት፣ ወይም ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ይመረጣል። ቴምፐርድ ሲሰበር ወደ ትናንሽ ፍርፋሪ ይቀየራል እንጂ ስለታም ስንጥር አይሆንም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ልኩም የጥጉ ቅርጽም ከማጠንከሩ በፊት መወሰን አለበት።

የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ መሞረድ አለበት። ያልተሞረደ ጠርዝ እጅ መቁረጡ ብቻ አይደለም፣ ስንጥቅ የሚጀምርበትም ቦታ ነው።

አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት

አክሪሊክ፣ ብዙ ሰው ፕሌክሲግላስ የሚለው፣ ክብደቱ ከተመሳሳይ ውፍረት መስታወት ግማሽ አይሞላም፤ በቤት ውስጥ መሣሪያ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ብርሃንም 92 በመቶ ያህል ያሳልፋል። ወረቀት ላይ ፍጹም ክዳን ይመስላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ ነው።

አክሪሊክ ውኃ ይመጥጣል። ከታች ያለው ገጹ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ከላይ ያለው ደረቅ ስለሆነ የታችኛው ገጽ ብቻ ያብጣል። ውጤቱም ሰሌዳው መሐሉ ወደ ውኃው ይሰምጣል፣ ጥጎቹ ወደ ላይ ይነሣሉ። ጥጉ ላይ የተነሣው ክፍተት በመጀመሪያው ቀን አልነበረም፤ ልኩን አስተካክሎ የገጠመ ሰው ዳግመኛ ካላየው አያውቀውም። ዓሣው ግን ግድግዳውን ታክኮ የሚደርሰው እዚያው ነው። መፍትሔው ሰሌዳውን በየሳምንቱ መገልበጥ ነው፤ ሌላኛው ገጽ ሲርስ ጉብጠቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወፍራም ሰሌዳና መሐሉን የሚደግፍ ማገር ጉብጠቱን ያዘገዩታል። ይህን ሥራ ሳይሰለች የሚሠራ ሰው አክሪሊክ ይግዛ፤ ካልሆነ አልመክርም። የሚሞቅ መብራት በላዩ ማሳረፍም አይገባም።

ፖሊካርቦኔት ከአክሪሊክ ያነሰ ውኃ ይመጥጣል፣ ሲመታም በቀላሉ አይሰበርም፤ ይጫራል ግን። ከእሱ ዓይነቶች ለክዳን እጅግ የሚመቸው ለአትክልት ማሳደጊያ ቤት ጣሪያ የሚውለው ባለ ድርብ ግድግዳ ሰሌዳ ነው። በሁለት ስስ ገጾች መካከል የተደረደሩ ቦዮች ስላሉት ቀላልም ጠንካራም ነው፤ በመካከሉ የታሰረው አየርም ሙቀት ያቆያል። በጥሩ ቢላዋ ይቆረጣል። ቦዮቹ በረጅሙ የክዳን ጎን አቅጣጫ መሄድ አለባቸው፤ በአጭሩ በኩል ከሄዱ መሐሉ ይጎብጣል። የተቆረጡት የቦይ አፎች ደግሞ በሲሊኮን መደፈን አለባቸው፤ አለበለዚያ ውኃ ገብቶ ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያንን ማጽዳት ደግሞ አይቻልም ማለት ይቻላል። በእሱ በኩል ገንዳውን ከላይ አሻግሮ ማየት አይቻልም፣ ብርሃኑንም በታትኖ ትንሽ ይቀንሰዋል። ብዙ ብርሃን ለማይፈልግ የዓሣ ገንዳ ግን ከአክሪሊክ በብዙ ይሻላል።

ወንፊት

ትነትን ማስቀረት ዓላማው ካልሆነ፣ ዓላማው ዓሣውን ማቆየት ብቻ ከሆነ፣ ወንፊት ከሁሉም ቀላሉ ነው። አየር ያሳልፋል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውኃው እንዲቀዘቅዝ ይፈቅዳል። የባሕር ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ወንፊትን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእነሱ ገንዳ ጠንካራ መብራት አለው፣ ሙቀትም ያሰጋዋል።

አሠራሩ የመስኮት ወንፊት እንደሚሠራበት ነው፦ በገንዳው አፍ ልክ ፍሬም ይሠራል፣ ወንፊቱ ይወጠራል፣ ጠርዙ በጎማ ክር ይጠበቃል። መወጠሩ ወሳኝ ነው። የተወጠረ ወንፊት የዘለለውን ዓሣ መልሶ ይጥለዋል፤ የላላ ወንፊት ግን እንደ አልጋ ይይዘውና እዚያው ተኝቶ ይደርቃል። ቋጠሮ የሌለው ለስላሳ ወንፊት ቅርፊቱንና ዓይኑን አይጎዳውም። የቀዳዳው ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ለአብዛኞቹ መካከለኛ ዓሦች ይበቃል፤ ለትናንሾቹና ለቀጫጭኖቹ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን።

የወንፊቱ ቁስ ከቀዳዳው እኩል ያሳስባል። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ እርጥበትና ጨው ሲያገኘው ዚንኩን ወደ ውኃው ያወርዳል። መዳብ ያለበት ሽቦ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ ገዳይ ነው። አሉሚኒየም በጨው ውኃ ላይ አይቆይም። ፕላስቲክ፣ ናይለን ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ የመስታወት ክር የተሻለ ነው።

አጎበር ቆርጦ ክዳን መሥራት ለብዙ ሰው የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። የወባ ትንኝ ለመከላከል የሚታደለው አጎበር አብዛኛው ፐርሜትሪን ወይም ዴልታሜትሪን በመሰለ ኬሚካል የተነከረ ነው። ይህ የኬሚካል ወገን ለሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ ቢሆንም ለዓሣና ለሽሪምፕ በሊትር በማይክሮ ግራም በሚቆጠር መጠን ይገድላል። በማጠብ አስለቅቀዋለሁ ማለትም አይሠራም፤ አጎበሩ ቢያንስ 20 ጊዜ ታጥቦም እንዲሠራ ተደርጎ የተመረተ ነው። «ነፍሳት ያባርራል» ተብሎ የሚሸጥ የመስኮት ወንፊትም በዚሁ ዓይን ይታይ።

ልኩና አቀማመጡ

ተመሳሳይ ቁስ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ዓይነት ክዳን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ክዳኑ በገንዳው ጠርዝ አናት ላይ ሲጋደም ከታች የሚንጠለጠለው ጠብታ በክዳኑና በጠርዙ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ተስቦ ወደ ውጭ ይወጣል። የገንዳው የውጭ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚታየው ነጭ ሰረዝ የዚህ ምልክት ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጨትም ያብጣል። ክዳኑ ከገንዳው የውስጥ ስፋት ጥቂት አንሶ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በክሊፕ ላይ ቢቀመጥ ግን ጠብታው ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከአናቱ በታች ማሰሪያ ማገር ያለው ገንዳ ክሊፕም አያስፈልገው፤ ማገሩ ራሱ ይሸከመዋል። ጠርዝ አልባ ለሆነው ግን ክሊፕ የግድ ነው፤ የሚገዛውም በመስታወቱ ውፍረት ልክ ነው።

ሲለካ የውስጡ ስፋት በአንድ ቦታ ብቻ አይለካ። በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ይለኩ፤ ጥግ ላይ ያለው የሲሊኮን ክምችት ልኩን ስለሚያጠብ ትንሹን ቁጥር ይውሰዱ። ከዚያ ላይ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሱ። መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሲኬድ ከካርቶን በልኩ የተቆረጠ ናሙና ይዞ መሄድ ከቁጥሩ ይበልጣል፤ ካርቶኑን ገንዳው ላይ አስቀምጦ ቱቦው የት እንደሚያልፍ በእስክርቢቶ ማስመር ይቻላል።

ለቱቦና ለገመድ መስታወቱ መሐል ጠርዝ ላይ አራት ማዕዘን መቅደድ አይመከርም፤ በውስጠኛው ጥግ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ጥጉን በሰያፍ መቁረጥ ግን ቀላልም አስተማማኝም ነው። ሰያፉ የሚተወው ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ቱቦው ካለፈ በኋላ በፊልተር ስፖንጅ ይሞላል። ስፖንጅ አየር ያሳልፋል፣ ዓሣ አያሳልፍም፣ እንደ ቱቦው ቅርጽም ይቆረጣል። ክሬይፊሽ ካለ ስፖንጁን ስለሚቀድደው በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ክፍተት ለማግኘት ጥሩ ዘዴ አለ። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ የእጅ ባትሪ ከገንዳው ጎን ዝቅ ብለው ወደ ላይ ያብሩ። ባልተሸፈነው ቦታ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ደምቆ ይወጣል፣ መስታወት ባለበት ደግሞ ጠብታው ይበትነዋል። አንድ አፍታ ይበቃል፤ ዓሦቹን ማስደንገጥ አያስፈልግም።

መብራትና ኤሌክትሪክ

ክዳን በሌለበት ገንዳ መብራቱ ለርጭትና ለእንፋሎት ይጋለጣል፤ ለክዳን አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። በክዳኑ ላይ የሚቀመጥ ኤልኢዲ መብራት እግር ቢኖረውና በሥሩ አየር ቢያልፍ ራሱም ክዳኑም ይቆያሉ። ገመድ ሁሉ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከታችኛው እጥፋት ላይ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ሳልቫቪታ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ላይ መሰካት ደግሞ ውኃና ኤሌክትሪክ በተጎራበቱበት ሁሉ የግድ ነው እላለሁ።

ክፍቱን መተው የሚያስኬደው መቼ ነው

ክዳን ለሁሉም ገንዳ የግድ አይደለም። ሥሮቻቸው ውኃ ውስጥ ሆነው ቅጠላቸው ወደ አየር የሚወጣ ተክሎች ያሉበት ገንዳ ሲከደን ውበቱም ጤናውም ይጎዳል። ገጹን የሸፈኑ ተንሳፋፊ ተክሎች መዝለልን ይቀንሳሉ፤ ክዳን ግን አይተኩም። ረጋ ያሉ ዓሦች ብቻ ከሆኑና ውኃው ከጠርዙ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተያዘ አደጋው ይቀንሳል፤ ለጠንካራ ዘላይ ግን ይህ ከፍታ ምንም አይደለም። አፕል ስኔይል የሚባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ እንቁላሉን የሚጥለው ከውኃው በላይ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ከክዳኑ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ክዳኑን ማስቀረት ግን ራሱ ቀንድ አውጣው እንዲወጣ መፍቀድ ነው። ተክል ላለበት ገንዳ መካከለኛው መንገድ ተክሉ በሚወጣበት በኩል ብቻ ክፍት የሆነ ወንፊት ነው። አዲስ ዓሣ ሲገባ ግን ማንኛውም ክፍት ገንዳ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢከደን ይሻላል።

ቁሱን ለመወሰን እንግዲህ፦ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ውስጥ ቤታ፣ ጉራሚ ወይም ቴትራ ላለው ሰው ሁለት ቦታ የተከፈለ 4 ሚሊ መስታወት፤ ለሰፊ ገንዳ ክብደት ለሚያሳስበው ድርብ ግድግዳ ፖሊካርቦኔት፤ ሞቃት ክፍል ላለውና የባሕር ዓሣ ለሚያረባ የተወጠረ ወንፊት፤ ሮፕፊሽ ወይም ክሬይፊሽ ላለው ደግሞ ወፍራም መስታወት ከነመያዣው። ወቅቱ በጣም በሚለዋወጥበት ቤት አንድ የመስታወትና አንድ የወንፊት ክፍል በአንድ ሐዲድ ላይ እያፈራረቁ መጠቀም ከሁሉም የሚያረካ ነው።

ለጽዳት ነጩን ቅርፊት በአቼቶ ማርጠብ፣ ጥቂት ቆይቶ ማሸትና በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል። ሳሙናና የመስኮት ማጽጃ አይነካካው፤ አሞኒያ ወይም አልኮል ያለበት ማጽጃ አክሪሊክን በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላዋል፣ ከክዳኑ የተረፈውም ወደ ውኃው ይንጠባጠባል። ፊልተሩ በታጠበ ቁጥር ቱቦው ከቦታው ስለሚነቃነቅ ስፖንጁ ወደ ጥጉ መመለሱን ያኔውኑ ማየት ያስፈልጋል።